ካልሲየም ከመጨመራችሁ በፊት ማግኒዚየሙን ለኩት

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ የባህር ውሃ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ኮራል ታንክ ሲጻፍ ማየት ራሱ ደስ ይላል፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሳሎናቸው ውስጥ ወይ ሬስቶራንታቸው ውስጥ ታንክ ያቆሙ ወገኖቻችን አሉ እና በቋንቋቸው የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም። ግን አንድ ቦታ ላይ የተጻፈው ነገር ዝም ብዬ እንዳልፍ አላደረገኝም። ካልሲየም ከወረደ ካልሲየም ጨምሩ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን) ከወረደ ባፈር (አልካሊኒቲውን የሚያነሳ ዱቄት) ጨምሩ ይልና ያልፋል። ማግኒዚየም የሚባል ነገር በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ይሄ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሰው ገንዘቡን ጠርሙስ በጠርሙስ የሚያፈሰውና በመጨረሻ ኮራሉም የሚሞትበት እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። የባህር ውሃ ጨዋማነቱ 35 ሲሆን (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው) በአንድ ሊትር ውስጥ 1290 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም አለው፣ ካልሲየሙ ግን 410 አካባቢ ብቻ ነው፣ አልካሊኒቲው ደግሞ 7 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) ገደማ። ማለትም በክብደት ማግኒዚየሙ ካልሲየሙን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ በአተም ብዛት ከሄድን አምስት እጥፍ ነው። ይሄ ሁሉ ማግኒዚየም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። የባህር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ካርቦኔት መጠኑ ከሚሟሟው በላይ ነው፣ በቃ ቢለቀቁ ተጣምረው ድንጋይ መሆን ነው የሚፈልጉት። ታዲያ ለምን ባህሩ በሙሉ ኖራ ሆኖ አይዘቅጥም? ትንሿ የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል መፈጠር ስትጀምር ማግኒዚየሙ ላይዋ ላይ ይለጠፍና ካልሲየሙ ሊቀመጥበት የነበረውን ቦታ ይይዘዋል፣ ክሪስታሏም ማደጓን ታቆማለች። ስለዚህ ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቆያል፣ ኮራሉ በራሱ ጊዜ ከውሃው እየሳበ አጥንቱን ይሠራበታል።

ማግኒዚየሙ ሲወርድ ግን ይሄ መከላከያ ይላላል። ያኔ ካልሲየም ስትጨምሩ አልካሊኒቲው ይወርዳል፣ አልካሊኒቲውን ስትጨምሩ ካልሲየሙ ይወርዳል፣ ሁለቱን ስትጨምሩ የውሃ ማሞቂያው፣ ሂተሩ፣ ይነጣል። ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰው እዚህ ሲደርስ ምን ያረጋል? እንደገና ይጨምራል።

ይሄን የምለው በሐሳብ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ያለው አንድ ወዳጄ ገና በር ላይ ስትገቡ የሚታይ ቆንጆ ታንክ አለው፣ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደሱ ነው። ኮራሎቹ ጫፋቸው እየነጣ ሲመጣ የገዛበት ሱቅ ሄዶ ጠየቀ፣ ሱቁም የካልሲየም ጠርሙስና የባፈር ዱቄት ሸጠለት፣ ማግኒዚየምህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ወዳጄ የተባለውን በየቀኑ እያደረገ ካልሲየሙ ከ350 ንቅንቅ አልል አለው። ጠርቶኝ ስሄድ መጀመሪያ ያየሁት ሂተሩን ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ሻካራ ቅርፊት ለብሷል፣ በጥፍር ስትፍቁት አይነሳም፣ የመስተዋቱ ቱቦ ራሱ አይታይም። ፓምፑን ፈትተን ስናየው ማግኔቱ ላይም ያው ነጭ ነገር ተጋግሮ ነበር፣ ለዛ ነው ሲጮህ የሰነበተው። ያ ቅርፊት እንግዲህ ወዳጄ የገዛው ካልሲየምና ባፈር ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከብዙዎቹ ጨዎች በተቃራኒ ውሃ ሲሞቅ ይበልጥ ይዘቅጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚለጠፈው ሂተሩ ላይና የሚሞቁ ፓምፖች ላይ ነው። ሂተራችሁ ነጭ ከሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ታንኩ ራሱ እየነገራችሁ ነው። (ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ እስኪበርድ ጠብቃችሁ አቼቶ ውስጥ ብትከቱት እየፈላ ይለቃል፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው።)

ውሃውን ስንለካ ማግኒዚየሙ 1080 ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቃ ማግኒዚየም ልግዛ ብሎ ይነሳል፣ ግን ገና ነው። ከማግኒዚየም በፊት የሚለካ ነገር አለ፣ እሱም ጨዋማነቱ ነው። የወዳጄ መለኪያ ያቺ መርፌዋ የምትወዛወዘው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ነበረች፣ እሷ ደህና ነው ትላለች፣ ጨዋማነቱ 35 መሆኑ በታወቀ መፍትሔ የተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ግን 31 አነበበ። ቡናው ቀጥኖ ሳለ ስኳር አነሰ ማለት ነው እንግዲህ፣ ጨዋማነቱ ከወረደ ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል፣ ማግኒዚየሙም ካልሲየሙም ፖታሲየሙም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፣ 1080ን በ31 አካፍሉና በ35 አባዙት፣ 1220 ገደማ ይመጣል፣ 350 የነበረው ካልሲየምም ወደ 395 ይጠጋል። ማለትም ምንም የማግኒዚየም ጠርሙስ ሳይገዛ ጨዋማነቱን ብቻ በማስተካከል አብዛኛው ችግር ይቀላል። እንደዛ ነው ያደረግነው፣ የሚተነውን ውሃ በንጹህ ውሃ ከመተካት ጨዋማ ውሃ እየተካ ቀስ ብሎ ወደ 35 አወጣው፣ በአንድ ቀን አይደለም፣ እንስሳቱ ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም። ባፈሩንም ለጊዜው አቆመ። የቀረችውን ትንሽ ጉድለት ከዛ በኋላ ነው በማግኒዚየም የሞላናት።

ሪፍራክቶሜትር የሚያስተካክሉትንም ሰዎች አንድ ነገር ልለምን፣ በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፣ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ የሚሳሳት መሣሪያ ብዙ ነው። የ35 መፍትሔ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ተኖ ከወፈረ እሱም ያታልላችኋል።

አሁን ስለ መለካቱ። የማግኒዚየም ቴስት ኪት ከሌሎቹ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ኪቶች 2 ሚሊ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ወስዳችሁ ዱቄትና ጠብታ ጨምራችሁ ከሲሪንጁ እያንጠባጠባችሁ ቀለሙ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ እስኪዞር የምትጠብቁባቸው ናቸው። መጀመሪያ የምትቀዱት ውሃ ላይ 0.1 ሚሊ ብትሳሳቱ ከ2 ሚሊ ላይ 5 ከመቶ ነው፣ 5 ከመቶ ደግሞ ማግኒዚየም ላይ 65 ፒፒኤም (በሊትር 65 ሚሊግራም ገደማ) ነው። ሲሪንጁ ጫፍ ላይ ያለች የአየር አረፋ ብቻ ይሄን ታረጋለች። ስለዚህ ሲሪንጁን መጀመሪያ በራሱ በታንኩ ውሃ እጠቡት፣ አረፋውን አስወጡ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን ተመልከቱ፣ መጨረሻ አካባቢ ጠብታ በጠብታ እየጣላችሁ እያወዛወዛችሁ ጠብቁ ምክንያቱም ቀለሙ ሐምራዊ ላይ ቆሞ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዞረው። ጠዋት 1260 ማታ 1310 ቢያሳያችሁ ማግኒዚየሙ አልተንቀሳቀሰም፣ የተንቀሳቀሰው እጃችሁ ነው፣ እና በእንደዚህ ዓይነት ልዩነት ተነስታችሁ ምንም እንዳትጨምሩ። በኪቱ ካላመናችሁ በደንብ የተበጠበጠ አዲስ የጨው ውሃ 35 ላይ አድርጋችሁ ለኩበት፣ የጨው ባልዲው ላይ ከተጻፈው ጋር የሚራራቅ ከሆነ ወይ ኪቱ ወይ ባልዲው ነው ጥያቄ ውስጥ የሚገባው።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፣ ማግኒዚየም ቶሎ አይወርድም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው፣ እሱ ውስጥ የሚገባው ማግኒዚየም በጣም ጥቂት ነው። ድንጋዩ ላይ የሚያድገው ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ያለው ኮራላይን አልጌ ግን በዛ ያለ ማግኒዚየም ይበላል። ሁለቱ ተደምረው እንኳን ከሚጠፋው ካልሲየም ጋር ስታነጻጽሩት የማግኒዚየሙ ፍጆታ አንድ አሥረኛው ገደማ ወይም ከዛ በታች ነው። ስለዚህ አልካሊኒቲን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ማግኒዚየምን በሁለት ሳምንት ወይም በወር አንዴ ቢለካ ይበቃዋል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ 100 ወረደብኝ የሚል ካለ ኮራሉ በላው ከማለቱ በፊት ጨዋማነቱንና ኪቱን ይመልከት። ቀስ ብሎ የሚወርደው ካልሲየምና ባፈር ብቻ ለወራት እየጨመሩ የውሃ ቅያሬ በማያደርጉ ሰዎች ታንክ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ስለሆነ አይታይም፣ አንድ ቀን ሂተሩ ነጥቶ ይገኛል።

አፋር ሄዶ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ይሄ ነገር ለኛም ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃል። የዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ዳር ዳሩን የጥንት ኮራል ቆሞ ይታያል፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በፊት ቀይ ባህር እዛ ድረስ ገብቶ በነበረ ጊዜ ያደገ ነው፣ ባህሩ ሲሸሽ ኮራሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ፣ ጨውም ተከማቸ። ከዛ የተነሳ አንድ ሰው ከአገር ቤት የመጣ አሞሌ ታንኬ ውስጥ ብጨምርበትስ ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። አይሆንም። አሞሌው በአብዛኛው የገበታ ጨው ማለት ነው፣ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ጨዋማነቱን ይጨምራል እንጂ ማግኒዚየሙን አያነሳላችሁም። ዳሎል ላይ ማግኒዚየም ክሎራይድ ያለበት ጨው በርግጥም አለ፣ ግን ካልተጣራና ውስጡ ያለው ሁሉ ካልታወቀ እዛው ይቅር።

ታዲያ ማግኒዚየሙ እውነትም ካነሰ ምን ይጨመራል? ሁለት ነገር ነው ያለው፣ ማግኒዚየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ሰልፌት። ሰልፌቱ ፋርማሲ ውስጥ ኤፕሰም ሶልት ተብሎ እግር ለመዘፍዘፊያ የሚሸጠው ነው (ሽቶ የሌለበት መሆን አለበት፣ ላቬንደር የሚል የተጻፈበትን ታንክ አጠገብ እንዳታደርሱት)። ሰው ርካሽ ስለሆነ እሱን ብቻ ይጨምራል። ችግሩን በቁጥር ላሳይ። 50 ጋሎን ማለትም 190 ሊትር ውሃ ላይ ማግኒዚየሙን ከ1150 ወደ 1300 ለማውጣት 28.5 ግራም ንጹህ ማግኒዚየም ያስፈልጋል። ኤፕሰም ሶልት ውስጥ ማግኒዚየሙ 10 ከመቶ ገደማ ስለሆነ 290 ግራም ትጨምራላችሁ፣ አብሮ የሚገባው ሰልፌት ግን የውሃውን ሰልፌት በ590 ፒፒኤም ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ የባህር ውሃ ሰልፌት 2700 ነው፣ በአንዴ አምስተኛውን ያህል ጨመራችሁበት ማለት ነው። ያንኑ በክሎራይድ ስትሠሩት፣ ክሎራይዱ 12 ከመቶ ማግኒዚየም አለው፣ 240 ግራም ገደማ ይበቃል፣ የሚገባው ክሎራይድ 440 ፒፒኤም ነው ግን ባህሩ ውስጥ ቀድሞውኑ ከ19,000 በላይ ስላለ አይታወቅም። ለዛ ነው ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሥር እጅ ክሎራይድ ከአንድ እጅ ሰልፌት ጋር ቀላቅለው የሚጠቀሙት። አንዴ ለትንሽ ጉድለት ኤፕሰም ሶልት ብቻ ብትጠቀሙ ዓለም አይገለበጥም፣ በየወሩ ከሆነ ግን ውሃችሁ የባህር ውሃ መሆኑ ይቀራል።

ያንን 240 ግራም ደግሞ በአንድ ጊዜ አይደለም። በቀን 50 ፒፒኤም ካደረግነው 80 ግራም ለሦስት ቀን ነው፣ በተጣራ ውሃ በደንብ አሟሙታችሁ ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ማፍሰስ፣ ከባፈሩ ጋር በአንድ ሰዓት እንዳይሆን። ስትሠሩት የውሃውን ትክክለኛ መጠን አስቡ፣ 75 ጋሎን ተብሎ የተገዛ ታንክ ድንጋይና አሸዋ ገብቶበት 75 ጋሎን ውሃ አይዝም፣ ታንኩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ከሠራችሁ ከሚገባው በላይ ትጨምራላችሁ። ከ1250 እስከ 1400 ውስጥ ካለ ደግሞ አትንኩት፣ 1350 ካልሆነ ብሎ መጨነቅ ትርጉም የለውም።

ከፍ ማድረጉም የራሱ ጣጣ አለው። አረንጓዴ የሚንሰራፋ አልጌ ለማጥፋት ማግኒዚየሙን 1600 እና ከዛም በላይ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልመክርም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀንድ አውጣንና ኦክቶፐስን ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው፣ እርግጥ እዛ መጠኑ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ግን ታንካችሁ ውስጥ አልጌ የሚበሉላችሁ ቀንድ አውጣዎች እንደዛ ዓይነት ፍጥረት ናቸው፣ መስተዋቱን ለቀው አሸዋ ላይ ተገልብጠው ሲተኙ ካያችሁ የውሃ ቅያሬ አድርጉ።

በነገራችን ላይ የሰሜን ቀይ ባህር ጨዋማነቱ 40 እና 41 ስለሚደርስ ማግኒዚየሙም ወደ 1500 ይጠጋል፣ ኮራሉም በደንብ ይኖርበታል። እዛ ግን ሁሉም ነገር አብሮ ከፍ ብሏል፣ እኛ ታንክ ውስጥ አንዱን ነጥለን ስናወጣው አንድ አይደለም።

የውሃ ቅያሬን ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ነው ያለፈው። በየሳምንቱ 10 ከመቶ በደህና የጨው ውሃ የሚቀይርና ብዙ ድንጋያማ ኮራል የሌለው ሰው ማግኒዚየም መግዛት ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል፣ ይሄን ለጀማሪ መንገር ሱቁን ባያስደስትም እውነቱ ነው። ጨው ስትበጠብጡ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠቀሙ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ቦታ የቧንቧ ውሃ ላይ ክሎራሚን የሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ክሎራሚን ደግሞ ውሃውን ሌሊት ገልጦ በማሳደር አይለቅም፣ በአርኦ ዲአይ ማጣሪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚያስቀር ማጣሪያ ነው) ያለፈ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። የጨው ባልዲውንም ከመጠቀማችሁ በፊት በደንብ አንከባሉት፣ በጉዞ ላይ የተለያየው ጨው ከላይና ከታች ይከፋፈላል።

ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ደግሞ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግኩም። በረዶ ለማቅለጥ በትልልቅ ከረጢት የሚሸጠው ነገር አንዳንዱ ላይ ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚል ተጽፎበታል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ እና ያው አይደል እንዴ የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ያ ለአስፋልትና ለደረጃ የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው ቆሻሻና እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገር አይታወቅም፣ ለኮራል ጥቂት ብረታ ብረት መርዝ ነው። ለምግብ የሚሆን ደረጃ ያለውን ወይም ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ፣ ከፍታችሁ ደግሞ አትተዉት፣ ክሎራይዱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ ጠጥቶ የረጠበውን ስትመዝኑት ከሚዛኑ ላይ ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ሒሳባችሁም ይበላሻል።

አዘጋጁን የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም በዛ ጽሑፍ ላይ እርማት እንድታወጡ ነው፣ ካልሲየም ጨምሩ ከሚለው ዓረፍተ ነገር በፊት ጨዋማነቱን ከዛ ማግኒዚየሙን ለኩ የሚል ይግባበት። ጽሑፉን ቆርጦ ታንኩ አጠገብ የለጠፈ ሰው አውቃለሁ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ